ረጅሙ ሌንስና የአስፋው ትንሽ ጣት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰላም አንድ ነገር በፎጣ ጠቅልላ ይዛ መጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ሰላም የሠርግ ፎቶ አንሺ ናት፤ አዳማ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሙሽራ የለም ብላ ራሷ ትናገራለች። ፎጣውን ገለጥ ሳደርገው ሌንስ ነው፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ ከባድ። ባለሱቁ ለሦስት ቀን ሞክሪው ብሎ ሰጥቷት ነው። «እማማ፣ ይኼን ልግዛ ወይስ ፍላሹን? ሁለቱን አልችልም፤ አንቺ ምረጪልኝ» አለችኝ። ለጨዋታ ነው የጠየቀችኝ። የፎቶ አንሺ ሚስት እንደነበርኩ ታውቃለች፣ ሌላውን አታውቅም። እኔ ግን ቶሎ አልመለስኩላትም፤ ቅዝቃዜው ነው የያዘኝ። ውጪ ፀሐዩ ቆርቆሮውን እያንጣጣው፣ ያ ብረት ጭኔ ላይ ቀዝቅዞ ነበር። የፊቱ መስታወት ደግሞ እርጥብ መስሎ፣ ጠቁሮ፣ ወደ እኔ ያያል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያኔም ምረጪ ተብዬ ነበር። መረጥኩ።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ተደርድሬ ነው፤ ስለዚህ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል የሚያነብ ሰው ይታገሠኝ። የተወለድኩት አቦምሳ ነው። ናዝሬት ያመጣኝ አስፋው ነው፣ ባሌ። ፎቶ ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነበር። ባቡር ሲገባ የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ አስፋው «ቆይ፣ አትንቀሳቀስ» ያለው ሰውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጉርድ ፎቶ በብር ከሃምሳ ነበር። ከኋላ ግድግዳው ላይ የሐይቅ ሥዕል አለ፤ አስፋው የቢሾፍቱ ሐይቅ ነው ይላል፣ ቢሾፍቱን የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ቀን አምኖት አያውቅም። ምስማር ላይ አንድ ኮትና አንድ ከረባት ተሰቅለዋል። ከወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ጀምሮ ከቀበሌ ቤት ሊመራ መታወቂያ እስከሚያወጣው ሁሉ ያንኑ ኮት ነው የሚለብሰው። ዛሬም አንዳንድ ቤት ለልቅሶ ስገባ፣ ግድግዳው ላይ የሟቹን ፎቶ ቀና ብዬ አየውና ኮታችንን አውቀዋለሁ።

የእኔ ሥራ ፎቶ ማቃናት ነበር። አስፋው አስተማረኝ፤ ቀጭን ብሩሽ፣ እርሳስ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም። ዓይኑን የጨፈነውን ዓይን እሠራለታለሁ። ከረባት ያላደረገውን አስርለታለሁ። እናቷ የሞተችባት ልጅ ከእናቷ ጋር ልነሳ ብትል፣ ሁለቱን ፎቶ ቆርጠን እናጋጥምና ስፌቱን በብሩሽ አጠፋዋለሁ፤ ከዚያ አስፋው እንደገና ያነሳዋል፤ ሲታጠብ አንድ ፎቶ ሆኖ ይወጣል። ሰው አይቶ ያለቅሳል። ማንበብ የማትችል ሴት ሞት የለያያቸውን አገናኘች እያልኩ ልቤ ያብጥ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጊዜው ምን ጊዜ እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። እኔ የማስታውሰው ልብሱን ነው። በመጀመሪያ ወጣቶቹ እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ማበጠሪያውን ኪሳቸው ሰክተው ይመጡ ነበር፤ ከካሜራው ፊት አንድ እግር ወደ ፊት። ከዚያ ጎፈሬው ጠፋ። ከዚያ ካኪ መጣ፣ ካኪ ብቻ። ከጣቢያው ጎን ካለው ቡና ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ይሰማ የነበረው የክራር ዘፈን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ጸጥ አለ፤ በምትኩ ጠዋት ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ይጮሃል። ሸንኮራ በሚሸተን ሀገር ስኳር በሰልፍ ሆነ። ፎቶ ሊወስዱ ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎች ፖስታ መደርደሪያው ላይ ይከማች ጀመር። አስፋው አይጥላቸውም፤ «ይመጡ ይሆናል» ይላል። ያ መደርደሪያ ሲሞላ ሌላ ሠራ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ፋጡማ የመጣችው። ፋጡማ ከድሬዳዋ በባቡር ዕቃ የምታመላልስ ነጋዴ ናት፤ የጃፓን ካሜራችንንም ያመጣችልን እሷ ነች። በር ገፋ አድርጋ «አካም ጅርታ ዘነቡ፣ መጋረጃውን ዝጊው» አለችኝ። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። ልጅ እንደሌላት አውቃለሁ። አልጋዬ ላይ ስትፈታው ከጨርቁ ውስጥ ሦስት ነገር ወጣ።

«ፈታሹ ምን አለሽ?» አላት አስፋው።

«ልጅሽ አያለቅስም ወይ አለኝ። አባቱን ነው የወጣው፣ ዝም ነው አልኩት።»

ሦስቱ ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንዱ አጭር ሌንስ ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው የሚያስገባ። ሁለተኛው ረጅሙ ሌንስ፣ ሩቁን ሰው አፍንጫህ ሥር የሚያመጣ። ሦስተኛው ፍላሽ። በተረፈ ፋጡማ ለምርቃት አንድ ቢጫ መስታወት ጨምራለች፤ ሌንሱ ላይ ሲጠመድ ሰማዩን አጥቁሮ ደመናውን የሚያወጣ። ገንዘባችን የሚበቃው ለአንድ ነው። አስፋው ዓይኑ ፍላሹ ላይ ነበር፤ አነሳና ወደ ግድግዳው አበራው፤ ፋጡማ «በለው፣ መብረቅ ወደ ቤትህ አስገባሁልህ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ረጅሙን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አልለቅም አልኩ።

«ሰዓት እላፊ ባለበት ሀገር መብራት ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። «ሠርጉ ሁሉ በቀን ሆኗል። ይኼ ነው የሚያስፈልገን። የእኛ ሀገር ልጃገረድ ካሜራ ሲቀርባት ሻሿን ፊቷ ላይ ትስባለች። እናቴን አታስታውስም? እንደ ድንጋይ ነው ያወጣሃት። ከሩቅ ብታነሳት ትስቃለች። ሰው ሳያውቅ ሲነሳ ነው የሚያምረው።»

«ሳያውቅ ማንሳት ግን…»

«ምን አለው?»

«እንጃ። ሌብነት ይመስላል።»

«ሳቅ መስረቅ ምን ኃጢአት አለው?» አልኩት። ፋጡማ አጨበጨበች፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ እኔ ነበርኩ ልክ። አቦምሳ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ አስፋው የከብቶቹ በረት ጋ ቆሞ እናቴን አነሳት፤ ጥርስ የሌለው አፏን ከፍታ ስትስቅ። ያንን ፎቶ ዛሬም አልጠግበውም። ወንጂ የደመወዝ ቀን ሴቶቹ ቦዩ ዳር እግራቸውን ሲታጠቡ አነሳቸው፤ አንዷ ውኃ ትረጫለች፣ ሌላዋ ጉንጯን ነፍታ ትሸሻለች። ከሻሸመኔ ሳይቀር ሰው እየመጣ «ያንን ከሩቅ የሚያነሳውን» ይል ጀመር። እኔ ሌንሱን ጠዋት ጠዋት በነጠላዬ ጫፍ እወለውለው ነበር፤ የኔ ምርጫ ነዋ።

ስለ ጎረቤታችን ልንገራችሁ። ጋሽ ያዕቆብ የሚባሉ ድሬሰር ነበሩ፤ ልጆቼን ሁሉ መርፌ የወጉ፣ አስፋው የፎቶ ቤቱ የብረት መዝጊያ የግራ እጁን ትንሽ ጣት ሲሰብረው ያሰሩለት እሳቸው ናቸው። ጣቱ ግን ጠሞ ቀረ፤ ቡጢ ሲጨብጥ ያች ትንሽ ጣት ብቻ አልታጠፍም ብላ ወጣ ትላለች። «ሥራዬን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ» ይሉት ነበር እየሳቁ። ጋሽ ያዕቆብና ሚስታቸው ማርታ ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ በኋላ ወንድሞቻቸው አንድ በአንድ እየሆኑ በጓሮ በኩል ይመጣሉ፤ ሬዲዮኑን ጮክ አድርገው ከሥሩ በቀስታ ይዘምራሉ። በአጥሩ ስንጥቅ እሰማቸዋለሁ። እኔ የኪዳነ ምሕረት ሰው ነኝ፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ የሬዲዮኑ ወሬና የእነሱ ዜማ ተደባልቆ።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ስለ ስብሰባው ተጨዋወትን። ያኔ ሰልፍ ላይ ግራ እጅ ጨብጦ ማንሳት፣ መፈክር ማሰማት ግዴታ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«መሀል እቆማለሁ። ዙሪያዬን ሁሉ እጅ ሲነሳ የኔን ማን ያየዋል?»

«ቢያነሱት ምን አለበት? እኔ አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። እጅ አይደል?»

ልብሱን ገመዱ ላይ አስተካከሉልኝና «‹አብዮቱ ከሁሉም በላይ› ሲሉ ነው የሚከብደኝ፣ ዘነቡ። ከሁሉም በላይ ያለውን አውቀዋለሁ። ሁሉን ወስደውብኛል፤ ይቺን እጅ ብቻ ነው ያስቀረሁት» አሉኝ። ልጆቼ በትኩሳት ሲቃጠሉ ግንባራቸውን የምትዳስሰዋን እጅ አየኋት። ያን ቀን ነገሩን አቅልዬው ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ጓድ ተሾመ መጣ። የቀበሌያችን ሰው ነው፤ የሚጮህ ዓይነት አይደለም፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። ደንበኛችንም ነበር። ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው፤ ለመታወቂያው ሲነሳ በብሩሽ ያጠፋሁለት እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ሊነሳ አልመጣም። «አስፋው፣ ያንን ሩቅ የሚያመጣውን አሳየኝ እስቲ» አለ። አስፋው ካሜራው ላይ ጠምዶ ሰጠው። በራችን ላይ ቆሞ፣ ሳይቸኩል፣ መንገዱን ያይ ጀመር። ጋሪዎቹን። ለስኳር የተሰለፈውን ሰው ፊት አንድ በአንድ። ከዚያ ሌንሱ ዞሮ የእነ ጋሽ ያዕቆብ መስኮት ላይ ቆመና ብዙ ቆየ።

«ከንፈር ሳይቀር ይታያል» አለ። «ስንት ሜትር ያመጣል?»

«እንደ ብርሃኑ ነው፣ ጓድ» አለ አስፋው።

«ከካሜራው ጋር የመጣው አጭሩ ሌንስህስ? እሱ ፊት ይለያል?»

«ያ ሰልፉን ሁሉ ያስገባል። ፊቱ ግን ያንሳል፤ እንደ ተልባ ነው የሚሆነው።»

«እንግዲያ ይኼኛው ነው የሚሻለን» አለ፤ እንደ ሥራ ባልደረባችን ሆኖ። «እሑድ ሰልፍ አለ። መድረኩ ላይ ከኔ ጋር ትቆማለህ።» ሲወጣ ወደ እኔ ዞሮ ጠባሳውን በጣቱ ነካ አደረገና «የዘነቡ እጅ የተባረከ ነው» አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ?

እሑድ ጠዋት አስፋው ካሜራውን ይዞ ቀድሞ ወጣ። እኔ ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥቼ ወደ ሰልፉ ልሄድ ስል፣ ረጅሙን ሌንስ አልጋው ሥር፣ ከጫማው ኋላ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ረስቶት ሄደ አልኩ። ሰውዬው ያንን ሌንስ ነው ያዘዘው፣ ባሌ ባዶ እጁን ቢቀርብ ምን ያደርጉታል? ጨርሶ አልነገረኝም እኮ። በዚያ ዘመን ሰው ለሚስቱም የማይነግረው ነገር ነበረው፤ የማያውቅ ሰው ቢጠየቅ አያውቅም። ሌንሱን ነጠላዬ ውስጥ ወሸቅሁና ሮጥኩ። አቧራው እየተጠማዘዘ በሜዳው መሀል ይሄዳል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ እኔ ሰው እየገፋሁ እስከ መድረኩ ደረስኩ። አስፋው አጭሩን ሌንስ ጠምዶ ቆሟል፤ ጓድ ተሾመ አጠገቡ «ለአሰላ ሰው አውሰኸው ከሆነ ምን ይደረጋል» ሲል ሰማሁ። እኔ ደግሞ እጄን ዘርግቼ ከፍ አደረግኩት።

«ረስተኸው ሄድክ» አልኩት። ፈገግ ብዬ።

አስፋው አላየኝም። ሌንሱን ነው ያየው። ፊቱ አልተቆጣም፣ አልደነገጠም፤ ብቻ የሆነ ነገር ከውስጡ ወጥቶ ሲሄድ አየሁት። ጓድ ተሾመ ጎንበስ ብሎ ሌንሱን ከእጄ ተቀበለኝና «እህቴ፣ እግዜር ያክብርሽ አይባልም ዛሬ» ብሎ ሳቀ። አስፋው ሌንሱን ሲቀይር ጣቶቹ ሁለት ጊዜ ሳቱ።

መፈክሩ ተጀመረ። እጅ ሁሉ ተነሳ፤ የኔም ተነሳ። ጓድ ተሾመ ከአስፋው ትከሻ ጀርባ ቆሞ በጣቱ ይጠቁማል። «እዚያ፤ መሀሉን። ወደ ግራ። አሁን።» ካሜራው ቀጭ ባለ ቁጥር አብሮ ይቆጥራል፤ ፊልሙ ሠላሳ ስድስት እንደሆነ ያውቃል። ያ ሌንስ ጭንቅላቴ ላይ አልፎ ሲሄድ ብርዱ የተሰማኝ መሰለኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እጁን ያላነሳ ሰው ነው የሚያድነው። ወረቀት ቢያነቡልኝ የማይገባኝን ነገር ያ ጣት አስነበበኝ።

«ነገ በስድስት ሰዓት እመጣለሁ፤ ሠላሳ ስድስቱንም አሳድገህ» ብሎን ሄደ። ሰኞ ጠዋት ጨለማ ክፍል ገባን። ውጪ ቀን ነው፣ ጋሪዎች ይሄዳሉ፣ እዚያ ውስጥ ግን ቀይ አምፖልና የፎቶ ማጠቢያው የሃይፖ ሽታ ብቻ። ወረቀቱ ውኃው ውስጥ ሲዋኝ መጀመሪያ ጥቁሩ ይመጣል፤ ፀጉር፣ ዓይን፣ የአፍ ክፍት። ከዚያ ቡጢዎቹ። ከቡጢዎቹ መሀል ጋሽ ያዕቆብ መጡ። ሁለት እጃቸው ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ከንፈራቸው ገጥሟል። ደን መሀል እንደቆመ ምሰሶ ለብቻቸው ነበሩ። ከሦስት መቶ ሰው ውስጥ ሕፃን እንኳ ያወጣቸዋል።

«ሌንሱን እኔ ደበቅኩት፣ ዘነቡ» አለኝ አስፋው በቀስታ።

«አሁን ገባኝ።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አልነገርኩሽም።»

እኔ ግን ወረቀቱን በመያዣው አነሳሁና አየሁት። የእጃቸውን ቦታ ለካሁ። ከረባት ያሰርኩ፣ ዓይን የከፈትኩ፣ ሞት የለያያቸውን ያገናኘሁ ሴት ነኝ። «ቁም» አልኩት ባሌን፤ «ግራ እጅህን ጨብጠህ አንሳ።» ቆመ። አጠገቡ መብራት አብርቼ፣ ያንኑ ቀና ያለ ክንድ፣ ያንኑ የጅማቱን ጥላ፣ ያንኑ ቡጢ እያየሁ ጋሽ ያዕቆብ ትከሻ ላይ ተከልኩት። ተንጠልጥሎ የነበረውን እጅ አጠገባቸው በቆመው ሰው ኮት አጠፋሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አስፋው እጁን አላወረደም። ከዚያ የተሳለውን እንደገና አነሳው፤ ሲታጠብ ብሩሽ ያረፈበት አይመስልም። የጋሽ ያዕቆብን ከፊልሙ ቆርጦ አቃጠለው። ያልተነካች አንዲት ፎቶ ቀርታ ነበር፤ «እሷንም» አለኝ። እሺ አልኩት። አላቃጠልኳትም። የሠርጋችን ፎቶ ከተሰቀለበት ክፈፍ ኋላ ከተትኳት። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ያኔ አላወቅኩም።

ሌላም ነገር አለ፣ መጻፍ አለብኝ። ከሠላሳ ስድስቱ በአንዱ ውስጥ ነጠብጣብ ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ነበረች። እጇን አጣጥፋ ቆማለች። አላውቃትም። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። አስፋው አየኝ፣ አየሁት፤ ፎቶዋን ከሌሎቹ ጋር ደረደርነው። ያቺን ሻሽ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ፈልጌአለሁ።

ጓድ ተሾመ በሰዓቱ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በማጉያ መስታወት ያይ ጀመር። የጋሽ ያዕቆብ ላይ ሲደርስ ቆመ። ውጪ አንድ ፈረስ ሲያሽካካ ሰማሁ።

«የዚህ ሰው እጅ ጥሩ ነው የወጣው» አለ።

ጓድ ተሾመ ቀና ብሎ እኔን አየኝና፣ ቀስ ብሎ፣ ጣቱን ጉንጩ ላይ፣ ጠባሳው ላይ አሳረፈ። እንደዚያ አድርጎ ሠላሳ ስድስቱንም ሰበሰበና «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ወጣ። ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኘን ቁጥር ሰላምታው አይቀርም ነበር፤ ግን መጀመሪያ ጉንጩን ይነካል፣ ከዚያ እጁን ያነሳል።

በሳምንቱ ፎቶዎቹ ኅብረት ሱቁ አጠገብ ሰሌዳ ላይ ተለጠፉ፣ ሰው ለስኳር የሚሰለፍበት። ማርታ አየች። ወንድሞቻቸውም አዩ። ጋሽ ያዕቆብ ከሁሉ በኋላ ነው ያዩት አሉ፤ ብዙ ቆመው አዩት። ያኔ ነው እኔም ሄጄ በደንብ ያየሁት። ቡጢው ጥሩ ነበር፤ ብቻ ትንሿ ጣት አልታጠፍም ብላ ወጣ ብላለች። በዚያ ችኮላ ዓይኔ ያየውን እጄ ሳይጠይቀኝ ሥሎታል።

ያንኑ ቀን ሳይመሽ ጋሽ ያዕቆብ ፎቶ ቤት ገቡ። ሰላም አላሉንም። የአስፋውን ግራ እጅ ያዙ፣ ገለበጡ፣ ትንሿን ጣት ከሥሯ እስከ ጫፏ ዳሰሷት።

«ጋሼ» አልኩ፣ «እኔ ነኝ…»

«እንደሚገባው አልተገጠመም ነበር» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «የኔ ጥፋት ነው።» እጁን መለሱለት። በሩ ላይ ቆም ብለው «ሸፍነው፣ አስፋው። በየስብሰባው ሸፍነው» አሉና ወጡ።

እሳቸው ቀበሌ ሄደው ይኼ እጅ የኔ አይደለም ማለት ይችሉ ነበር። የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ለራሳቸው የሚፈሩ አልነበሩም። ያን ቢሉ ግን መጀመሪያ የሚመጡት እኛ ቤት ነው። ዝም አሉ። ለማርታም ጭምር ዝም አሉ። በጓሮ በኩል የሚመጡት ወንድሞች መምጣት ተዉ። ሬዲዮኑ ከሥሩ ዜማ ሳይኖረው ለብቻው ይጮህ ጀመር። ማርታ ረፋድ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሌላ ሰው ቤት ለጸሎት ስትሄድ፣ እሳቸው ደጃፍ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። በአጥሩ በኩል ሳያቸው እሳቸውም ያዩኛል፣ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አስፋው ደግሞ ጣቱን በፋሻ አሰረ። ኬሚካል በላኝ ይላል። በየሰልፉ ያንን ነጭ ፋሻ ከፍ አድርጎ ያነሳል፣ እኔ ከኋላው ቆሜ ፋሻው እንዳይፈታ እጸልያለሁ። ረጅሙን ሌንስ ለፋጡማ መለስንላት፤ «ልጁ ክፉ ሆነባችሁ?» አለች። ማንም አልሳቀም። አስፋው ፋሻውን እንዳሰረ፣ የዚያን ዘመን መጨረሻ ሳያይ፣ ሞተ።

መንግሥት ተለወጠ ሲሉኝም ወዲያው አላመንኩም። ጸሎት ቤታቸው ተከፍቶ በጠራራ ፀሐይ ሲዘምሩ እየሰማሁ እንኳ፣ ክፈፉን ለማውረድ ዓመታት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ፎቶዋን ይዤ ስሄድ ጋሽ ያዕቆብ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ማርታ ሞታለች፤ ሳታውቅ። አልጋቸው ጫፍ ተቀመጥኩና ወረቀቱን እጃቸው ላይ አደረግኩት።

«ምንድን ነው?»

«ፎቶው ነው ጋሼ። ዋናው። ያልተነካው።»

በጣታቸው የወረቀቱን ፊት ይዳስሳሉ፣ የሚዳሰስ ነገር ያለው ይመስል።

«እጄ የት ነው?» አሉኝ።

«ወደ ታች ነው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«በደንብ እዪው፣ ዘነቡ። ሰው ሁሉ አነሳህ ሲለኝ፣ ያንን ሰሌዳም ሳስበው፣ እየቆየ እኔም አንስቼ ይሆን ማለት ጀምሬ ነበር።»

ወደ መስኮቱ ወስጄ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ እንደገና አየሁት። «ወደ ታች ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ለወንድሞችዎ ላሳያቸው ወይ ስላቸው የለም አሉ። ማወቅ የፈለግኩት እኔ ነኝ አሉ። ፎቶዋን ደረታቸው ላይ አድርገው ሁለት እጃቸውን ከላይ አሳረፉ።

ለሰላም ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። «ፍላሹን ግዢ» ብቻ አልኳት፤ «መብራት ሲበራ ሰው መነሳቱን ያውቃል።» ሳቀችብኝ። «እማማ ደግሞ፣ ሳያውቅ ሲነሳ ነው እኮ የሚያምረው» አለች፤ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ረጅሙን ገዛች። ትናንት ስልኳን አምጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ፤ ደጃፌ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ነው ያነሳችኝ፣ ምንም አላወቅኩም። «ፊትሽን እዪው፣ እንዴት እንደሚያምር» አለችኝ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት እጆቼ የት እንዳሉ ነው።